ስለ መኳንንት ሥርዓትና ስለ ማኅበራዊ መደብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ታሪክንና ልብ ወለድን አጣምረው የሚያነቡ ሰዎች ስለ መኳንንት ሥርዓት ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሪስቶክራሲ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ የግሪክ ነው። «አሪስቶስ» ከሁሉ የተሻለ፣ «ክራቶስ» ደግሞ ኃይል ወይም ሥልጣን ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ «የምርጦች አገዛዝ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። አርስቶትል የመንግሥት ዓይነቶችን ሲለይ የገዥዎቹን ቁጥር ብቻ አልቆጠረም፤ ለማን ጥቅም እንደሚገዙም ጠይቋል። ጥቂት ብቁ ሰዎች ለሁሉም ደኅንነት የሚያስተዳድሩበትን አሪስቶክራሲ ሲለው፣ ጥቂት ባለጠጎች ለራሳቸው የሚገዙበትን ግን ኦሊጋርኪ ብሎ የዚያው የተበላሸ መልክ አድርጎታል። መምህሩ ፕላቶም ቢሆን ከገዥዎች ወገን የተወለደ ብቃት የሌለው ልጅ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ከገበሬ ወይም ከአንጥረኛ የተወለደ ብቁ ልጅ ደግሞ ወደ ላይ እንዲወጣ ይፈልግ ነበር።

ቃሉ ከፈላስፎቹ እጅ ወጥቶ ወደ ታሪክ ሲገባ ግን ትርጉሙ ተለወጠ። ዛሬ አሪስቶክራሲ ስንል በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍና በሕግ ወይም በልማድ የታወቀ ልዩ መብት ያለውን ወገን ማለታችን ነው። ብቃት የነበረው መለኪያ ትውልድ ሆነ። በዚህ ገጽ የተነሡት አብዛኞቹ ጉዳዮች ከዚህ ለውጥ የመጡ ናቸው።

«መኳንንት»፣ «መሳፍንት» እና «ባላባት» አንድ ናቸው?

በዕለት ተዕለት ንግግር እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። «መኰንን» ከግእዙ «ኰነነ» የወጣ ሲሆን ኰነነ ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው። «መስፍን» ደግሞ ከ«ሰፈነ» የመጣ ነው፤ እሱም ገዛ፣ ሠለጠነ የሚል ፍች አለው። ስለዚህ ሁለቱም በመሠረታቸው የሥራና የሹመት ስሞች ናቸው። «ባላባት» ግን «ባለ አባት» ነው፤ የሚናገረው ሰውየው ስለሚሠራው ሥራ ሳይሆን ከማን እንደተወለደ ነው። መኳንንት በየትም አገር የቆሙባቸው ሁለት እግሮች፣ ማለትም ሹመትና ትውልድ፣ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ተለይተው መቀመጣቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሀብታም መሆንና የመኳንንት ወገን መሆን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሀብት ይመጣል፣ ይሄዳል። የመኳንንት ማዕረግ ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላም ይቆያል። በስፔን «ኢዳልጎ» የሚባሉት ዝቅተኛ መኳንንት ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ሆኖም ተራው ሰው የሚከፍለውን ግብር አይከፍሉም ነበር። ሰርቫንቴስ በ1605 የታተመውን የዶን ኪኾቴን ታሪክ የሚጀምረው በአንድ እንዲህ ባለ ሰው ማዕድ ነው። ከበግ ይልቅ የላም ሥጋ የሚበዛበት ወጥ፣ ዓርብ ዓርብ ምስር፣ እሑድ ምናልባት አንዲት የርግብ ጫጩት ይቀርባል። ይህ ብቻ ከገቢው አራት እጅ ሦስቱን ይጨርስበታል። በግድግዳው ላይ ግን ጦር ተሰቅሏል፤ ጋሻም አለው። አንድ የተራቆተ ማዕረግ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ በአጭሩ ያሳየ ገጽ አላነበብሁም።

ተቃራኒውን ደግሞ ሞልየር በ1670 ባቀረበው ተውኔት እናገኛለን። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የሆነው ባለጠጋው ዡርዳን ጨዋ ለመባል ሲል የሙዚቃ፣ የዳንስ፣ የሰይፍና የፍልስፍና መምህራንን ቀጥሮ ይማራል። ታዳሚው የሳቀው ዡርዳን ገንዘብ ስላነሰው አይደለም፤ ገንዘቡ ሊገዛለት የማይችለው ነገር ስለነበረ ነው።

ይሁንና በሩ ፈጽሞ ተዘግቶ አያውቅም። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ጄምስ በ1611 «ባሮኔት» የሚል በውርስ የሚተላለፍ አዲስ ማዕረግ አውጥቶ በ1,095 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። በፈረንሳይም የመኳንንት መብት የሚያስገኙ የመንግሥት ሹመቶች በገንዘብ ይገዙ ነበር። ገዝቶ የገባ ሰው መግዛቱ እስኪረሳለት ድረስ ግን ሁለትና ሦስት ትውልድ መጠበቅ ነበረበት።

አቴና ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። ሶሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ገደማ ዜጎችን በዘር ሳይሆን ከመሬታቸው በሚያገኙት የምርት መጠን በአራት ክፍል ደለደላቸው። የላይኛው ክፍል ስም ራሱ «አምስት መቶ መስፈሪያ የሚያስገባ» ማለት ነበር። ይህ ድልድል ድሃውን ከሀብታሙ እኩል አላደረገም። ሆኖም አባት ያልነበረው ሰው ጎተራውን ሞልቶ ሊያድግ የሚችልበትን መንገድ ከፈተ።

መኳንንት የሚባለው ወገን መጀመሪያ እንዴት ተፈጠረ?

ምንጩ አንድ ባይሆንም በብዙ አገር የተደጋገመ አካሄድ አለ። አንድ ሰው በጦር ሜዳ ጌታውን ያገለግላል፤ ስለ አገልግሎቱ መሬት ወይም ሹመት ይሰጠዋል። መሬቱ መጀመሪያ ለዕድሜ ልኩ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ በአባቱ እግር ተተክቶ እንዲያገለግል ይፈቀድለታል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ግን አገልግሎቱን የሚጠይቅ ሰው ሳይኖር መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ከጥንት የነበረ ሕግ መስሎ ይታያል። የፍራንኮቹ ንጉሥ ቻርልስ ራሰ በራው በ877 ወደ ኢጣሊያ ሊዘምት ሲነሣ፣ በዘመቻው ላይ ሳሉ ቦታቸው ክፍት ለሚሆን ሹማምንት ልጆቻቸው እንዲተኩ ፈቅዶ ነበር። የታሰበው ለዚያ ዘመቻ ቢሆንም ልማዱ እየጸና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ ማብራሪያ ተሰጠው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የላኦን ጳጳስ የነበረው አዳልቤሮ የእግዚአብሔር ቤት በሦስት እንደሚከፈል ጻፈ፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይዋጋል፣ አንዱ ይሠራል። ይህ አከፋፈል በየታሪክ መጽሐፉ ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ግን እዚያው ግጥም ውስጥ ጳጳሱ ያለ ገባር መኖር የሚችል ጌታ እንደሌለ፣ የገባሩ ዕንባና ለቅሶም ማለቂያ እንደሌለው መናገሩ ነው። ሥርዓቱን የደገፈው ሰው ራሱ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር።

ሮም ደግሞ አንድ የመኳንንት ወገን ሲወድቅ ሌላ እንዴት እንደሚበቅል ታሳያለች። ፓትሪሻን የተባሉት ጥንታውያን ቤተሰቦች ሹመቱንና ክህነቱን ይዘው ነበር። ፕሌቢያን የተባለው ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ከተማዋን ትቶ በመውጣት መብቱን የሚያስጠብቁ ትሪቡኖችን አገኘ። በ445 ከፓትሪሻን ጋር መጋባት ተፈቀደለት፤ በ367 ከሹመቶች ሁሉ የበላይ የነበረው የቆንስልነት ሹመት ተከፈተለት፤ በ287 ደግሞ የሕዝቡ ጉባኤ ያወጣው ሕግ ሁሉንም እንዲገዛ ተወሰነ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ግን በሮቹን ያለፉት ባለጠጎች ፕሌቢያን ከፓትሪሻን ጋር ተጋብተው አዲስ የመኳንንት ክበብ ሠሩ፤ ቆንስልነቱም በጥቂት ቤተሰቦች መካከል ይዘዋወር ጀመር። ሲሴሮ በ63 ቆንስል ሲሆን ከአባቶቹ አንድም ቆንስል ስላልነበረ «አዲስ ሰው» ይባል ነበር። ስሙም የሙገሳ አልነበረም።

መደብና ካስት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ካስት ሰው ተወልዶበት የሚሞትበት፣ ጋብቻና ሥራ የሚወሰንበት ክፍል ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የሕንድ ሲሆን፣ በ1950 የጸናው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን «የማይነካ» ማለትን ሽሯል። መደብ የሚለው ቃል በዛሬው አጠቃቀሙ ከኢኮኖሚ ጋር የተያያዘ ነው። ማርክስ መደብን የሚለየው ሰው ከማምረቻ መሣሪያ ጋር ባለው ግንኙነት ነው፤ መሬቱና ፋብሪካው የማን ነው፣ ጉልበቱን የሚሸጠውስ ማን ነው? ማክስ ቬበር በበኩሉ ገበያ ላይ ባለ አቅም የሚለካውን መደብ፣ በክብርና በአኗኗር ከሚለካው የማኅበራዊ ደረጃ ለይቶ አስቀመጠው። የደኸየው ኢዳልጎና የበለጸገው ዡርዳን ለምን ቦታ እንደማይለዋወጡ ለመረዳት የቬበር አከፋፈል የበለጠ ይረዳል። መኳንንት ለምን እንደወደቁ ለመረዳት ግን ወደ ማርክስ መመለስ ግድ ይላል፤ መሬት ዋናው የሀብት ምንጭ መሆኑ ካበቃ በኋላ በመሬት ላይ የቆመ ክብር ብዙ አይዘልቅምና።

በእንግሊዝ የመስፍን ልጅ ለምን ተራ ዜጋ ይሆናል?

በእንግሊዝ ሕግ ማዕረጉ የሚተላለፈው ለአንድ ወራሽ ብቻ ስለሆነ ነው። አምስቱ የማዕረግ ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች ዱክ፣ ማርኲስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት እና ባሮን ናቸው። ማዕረጉንና ርስቱን በኩሩ ይወስዳል፤ ታናናሾቹ በአክብሮት የሚጠሩበት ስም ቢኖራቸውም በሕግ ፊት ተራ ሰዎች ናቸው። ዊንስተን ቸርችል በ1874 የተወለደው አያቱ በሆኑት የማርልቦሮ ዱክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አባቱ ታናሽ ልጅ ስለነበሩ ግን አባትም ልጅም ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው ነው።

በአህጉሪቱ ላይ ግን በብዙ አገር የመኳንንት ልጆች ሁሉ መኳንንት ይሆኑ ነበር። የእንግሊዙ ልማድ ለታናናሾቹ የጨከነ ይመስላል፤ ለወገኑ ግን ዕድሜ ሰጥቶታል። ርስቱ ሳይቆራረጥ ቆየ፤ ታናናሾቹም ወደ ንግድ፣ ወደ ሕግ ሙያና ወደ ጦር ሠራዊት እየገቡ ከተራው ሕዝብ ጋር ተደባለቁ። የማይካደው በደል በሴቶች ልጆች ላይ የወደቀው ነው። ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» ውስጥ አምስት ሴቶች ልጆች ያሉት አባት ርስቱ ከእሱ ሞት በኋላ ለሩቅ ዘመድ ለሆነ ወንድ እንዲተላለፍ በውል ታስሯል። ስለ ጋብቻ የሚወራው ጨዋታ ሁሉ ከጀርባው ይህ ስጋት አለበት፤ እናቲቱ ልጆቿን ለመዳር የምትሯሯጠው ባሏ በሞተ ማግስት ቤት አልባ መሆናቸውን ስለምታውቅ ነው።

መኳንንት ለንጉሥ ደጋፊ ናቸው ወይስ ተቀናቃኝ?

ሁለቱንም ሆነዋል። በ1215 የእንግሊዝ ባሮኖች ንጉሥ ጆንን ማግና ካርታ በተባለው ሰነድ ላይ እንዲስማማ አስገደዱት፤ ቃሉን መጠበቁን የሚከታተሉ 25 ባሮኖችም እንዲመረጡ በሰነዱ ተጻፈ። ባሮኖቹ በዋነኝነት ያሰቡት ለራሳቸው ነበር። ነፃ ሰው ያለ ሕግ ፍርድ እንዳይታሰር የሚለው አንቀጽ ግን ከእነሱ አልፎ ለትውልድ ተረፈ።

ፈረንሳይ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ሉዊ 14ኛ ገና ልጅ ሳለ ከ1648 እስከ 1653 በቆየው ዐመፅ መኳንንቱ ሰይፍ መዝዘውበት ነበርና ያንን አልረሳም። በ1682 ቤተ መንግሥቱን ቬርሳይ ላይ ካጸና በኋላ ትልልቆቹን ጌቶች ከየግዛታቸው ነቅሎ በዓይኑ ሥር አኖራቸው። ማታ ማታ ንጉሡ ሊተኛ ልብሱን ሲያወልቅ ከቆሙት መካከል አንዱን በስም ጠርቶ የሻማ መቅረዝ ያስይዘው ነበር። የቤተ መንግሥቱን ኑሮ መዝግቦ ያለፈው የሳን ሲሞን ዱክ እንደሚነግረን ክፍሉ በቂ መብራት ነበረው፤ ሻማው ለማየት አያስፈልግም ነበር። ሆኖም አያቶቻቸው ጦር እየመሩ ከንጉሥ ጋር የተዋጉ ሰዎች ዛሬ ማታ ሻማውን ማን ይይዝ ይሆን እያሉ ይጨነቁ ነበር። እስረኛ በሰንሰለት ይጠበቃል፤ እነዚህ ግን የተጠበቁት በክብር ነው።

የፖላንድ መኳንንት ደግሞ ንጉሡን አሸነፉት። በፈረንሳይ መኳንንቱ ከሕዝቡ 2 በመቶ እንኳ በማይሞሉበት ዘመን በፖላንድ 8 በመቶ ያህል ይደርሱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ንጉሡን የሚመርጡት እነሱ ነበሩ፤ ባለ ብዙ መንደሩም፣ አንዲት ማሳ ያለውም በሕግ እኩል ነበር። ከ1652 ጀምሮ አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን «አልፈቅድም» ብሎ ጉባኤውን መበተን ቻለ። ነፃነታቸውን ወደዱት፤ ገበሬው ግን ከነፃነቱ አንዳች አልደረሰውም። ይህንን ሥልጣን የሻረው ሕገ መንግሥት በ1791 ቢጸድቅም ጊዜው አልፎ ነበር። ጎረቤቶቿ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ተከፋፍለዋት አገሪቱ ከካርታ ጠፋች።

ያለ ንጉሥ የመኳንንት መንግሥት ኖሮ ያውቃል?

ኖሯል፤ ቬኒስ ከሁሉ የታወቀችው ናት። በ1297 የታላቁ ምክር ቤት አባልነት በነበሩት ቤተሰቦች ላይ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ በኋላም የመኳንንቱ ልጆች ልደት «የወርቅ መጽሐፍ» በተባለ መዝገብ ይመዘገብ ጀመር። የአገሩ መሪ ዶጁ በምርጫና በዕጣ በተቀላቀለ እጅግ የተወሳሰበ ሥርዓት ይሾም ስለነበር ማንም ቤተሰብ ዙፋኑን ርስቱ ሊያደርገው አልቻለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቀርጤስ ደሴት ከኦቶማኖች ጋር በተደረገው ረጅም ጦርነት ግምጃ ቤቱ ሲራቆት 100,000 ዱካት የከፈለ ቤተሰብ ወደ መዝገቡ እንዲገባ ተፈቀደ። ሪፐብሊኳ በ1797 ለናፖሊዮን እጅ እስክትሰጥ ድረስ ከተዘጋው ምክር ቤት 500 ዓመት ቆጠረች። የመኳንንት አገዛዝ መቼም አይጸናም የሚል ሰው ይህን ቁጥር ማስተባበል ይከብደዋል።

መኳንንት ለአገር ምን ያገለግሉ ነበር? አገልግሎቱ ሲቀርስ ምን ሆነ?

በእኔ እምነት ከሁሉም ጥያቄ የሚበልጠው ይህ ነው። ከሩሲያ የበለጠ ግልጽ መልስ የሚሰጥ አገርም አላውቅም።

ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ባወጣው የማዕረጎች ሠንጠረዥ የመንግሥትን አገልግሎት በ14 ደረጃዎች ከፈለው። መኳንንት ሁሉ በሠራዊት ወይም በመሥሪያ ቤት የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። ተራ ሰውም በሲቪል አገልግሎት 8ኛው ደረጃ ላይ ከደረሰ በውርስ የሚተላለፍ የመኳንንት መብት ያገኝ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጨካኝም ቢሆን አንድ ስሌት ይታያል፤ ገበሬው ጌታውን ያገለግላል፣ ጌታው ደግሞ አገሩን ያገለግላል።

ጴጥሮስ 3ኛ በ1762 ዓ.ም. በየካቲት 18 በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር መኳንንቱን ከግዴታ አገልግሎት ነፃ አወጣቸው። ካተሪን 2ኛም በ1785 መብታቸውን በቻርተር አጸናችላቸው። የስሌቱ አንድ ወገን ፈረሰ። ገበሬውስ? ገባሮች ነፃ የወጡበት አዋጅ የተፈረመው በዚያው አቆጣጠር በ1861 የካቲት 19 ነው። ጌታው ከተፈታ በኋላ ገባሩ እስኪፈታ 99 ዓመት ከአንድ ቀን ፈጀ። በእነዚያ 99 ዓመታት ውስጥ ጌታው ለማንም ምንም ሳያደርግ ሰውን መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝና ወደ ሳይቤሪያ መላክ ይችል ነበር። ነፃ ሲወጡም ከ20 ሚሊዮን በላይ የሆኑት እነዚህ ሰዎች ለሚያርሱት መሬት በ49 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ተጫነባቸው።

የሠንጠረዡ አንድ ፍሬ ሳይጠቀስ ባያልፍ እወዳለሁ። ከዝቅተኛ ቤተሰብ የተወለዱ አንድ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ በአገልግሎታቸው ከፍ ብለው የመኳንንት መብት አገኙ። ልጃቸው ሌኒን ነው። የመደብ ልዩነቶችንና ማዕረጎችን በኅዳር 1917 በአዋጅ የሻረው መንግሥት መሪ በሕግ ፊት የመኳንንት ልጅ ነበር።

የፈረንሳይ ሕዝብ መኳንንቱን ያን ያህል ለምን ጠላ?

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቶክቪል በ1856 ያሳተመው ጥናት የሰጠው መልስ እስካሁን ያሳምነኛል። ጌቶቹ ድሮ ይፈርዱ፣ ይጠብቁ፣ ያስተዳድሩ ነበር፤ ሕዝቡም መብታቸውን እንደ ዋጋ ይቆጥረው ነበር። የንጉሡ ሹማምንት አስተዳደሩን ከእጃቸው ሲወስዱ ግን ሥራቸው ቀረ፤ መብታቸው ቀረላቸው። ገበሬው ከጌታው ምንም ሳያገኝ ይከፍለው ጀመር።

ይህ ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ለማየት ርግብን መመልከት ይበቃል። በብዙ ቦታ ትልቅ የርግብ ቤት የመሥራት መብት የጌታው ብቻ ነበር። ርግቦቹ ወጥተው ገበሬው የዘራውን ዘር ከማሳው ላይ ይለቅማሉ፤ ገበሬው ግን ሊገድላቸው አይፈቀድለትም። አራዊት ሰብሉን ቢያወድሙትም አደን የጌታው ነው። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን የሚኖርበትን እህል የሌላ ሰው ወፍ ሲበላበት ቆሞ ማየት ነበረበት። አብዮቱ በፈነዳበት በ1789፣ ነሐሴ 4 ሌሊት፣ የፈረንሳይ ምክር ቤት የፊውዳል መብቶችን ሲሽር ከወጡት አንቀጾች ሁለተኛው ስለ ርግብ ቤት፣ ሦስተኛው ስለ አደን መሆኑ ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት የመደቦች ጉባኤ ሲከፈት የመኳንንቱ ተወካዮች በወርቅ የተጠለፈ ልብስና ላባ ያለበት ባርኔጣ ለብሰው ሲመጡ፣ ሦስተኛው መደብ፣ ማለትም ከካህናትና ከመኳንንት ውጭ ያለው ሕዝብ ተወካዮች፣ ጥቁር እንዲለብስ ታዞ ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛውን ክፍል የወከሉት ጥቁር ለባሾቹ ናቸው። በ1790 ሰኔ 19 በውርስ የሚተላለፍ ማዕረግ ሁሉ ተሻረ። ናፖሊዮን በ1808 አዲስ መኳንንት መፍጠሩ እውነት ነው፤ የግብር ነፃነቱን ግን አልመለሰላቸውም።

በሰላም የተሻረ የመኳንንት ሥርዓት አለ?

ጃፓን ለዚህ ትቀርባለች፤ እሷም ቢሆን ያለ ደም አላለፈችም። በ1869 የግዛት ጌቶች ከቤተ መንግሥት መኳንንት ጋር በአንድ ወገን ተዋቀሩ፤ በ1871 ግዛቶቻቸው ተሻሩ። በ1876 ሳሙራይ የተባሉት የጦረኛ ወገኖች ሰይፍ መታጠቅ ተከለከሉ፤ ድርጎአቸውም ወደ ብድር ሰነድ ተለወጠ። በማግስቱ ዓመት አንድ ትልቅ ዐመፅ ተነሥቶ ተሸነፈ። በ1884 በአምስት ደረጃ የተዋቀረው አዲሱ ማዕረግ የጠፋው በ1947 በጸናው ሕገ መንግሥት ነው።

ዛሬ መኳንንት አሉ?

ስማቸው በብዙ ቦታ አለ፤ ሥልጣናቸው ግን ከሞላ ጎደል አብቅቷል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መንግሥት የመኳንንት ማዕረግ እንዳይሰጥ ከመነሻው ከልክሏል። ኦስትሪያ በ1919 ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን የመኳንንትነት ምልክት የሆነችውን «ፎን» የምትለውን ቅጥያ ጭምር ከስም ላይ አንሥታለች፤ ጀርመን በዚያው ዓመት የቀድሞውን ማዕረግ የቤተሰብ ስም አካል አድርጋ ተወችው። ስፔንና ቤልጅየም ዛሬም ማዕረግ ይሰጣሉ። በብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት ሕግን የማገድ ሥልጣኑን በ1911 አጣ፤ ከ1958 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ብቻ የሚሾሙ አባላት ገቡበት፤ በ1999 ደግሞ በውርስ የተቀመጡት ከ92ቱ በስተቀር ወጡ።

መሬቱ ግን ከማዕረጉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1677 ቶማስ ግሮቭነር የተባለ ባላባት ሜሪ ዴቪስ የተባለች የ12 ዓመት ልጅ አገባ። ልጅቱ በለንደን ዳርቻ የወረሰችው ረግረግና ግጦሽ ዛሬ ሜይፌርና ቤልግሬቪያ የሚባሉት እጅግ ውድ ሰፈሮች ያረፉበት ነው፤ የዘሮቿ ድርጅት ዛሬም ከእነዚህ ሰፈሮች ኪራይ ይሰበስባል። ሕግ አውጪዎች በማዕረግ ላይ ከተከራከሩት ይልቅ በመሬት ላይ የተከራከሩት ያነሰ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ልብ ወለድ ስለ መኳንንት ይህን ያህል ለምን ጻፈ?

አንደኛው ምክንያት ለመጻፍ ጊዜና ትምህርት የነበራቸው እነሱ ወይም በቤታቸው ያደጉ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጌንጂን ታሪክ የጻፈችው ሙራሳኪ ሺኪቡ የጃፓን እቴጌ አገልጋይ ወይዘሮ ነበረች፤ ቶልስቶይ ካውንት ነበር፤ የላምፔዱዛው ጁሴፔ የሲሲሊ ልዑል ነበር። የእሱ «ነብሩ» የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1958 ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ወጣት ባላባት፣ ሁሉ ነገር እንዳለ እንዲቆይ ከተፈለገ ሁሉ ነገር መለወጥ አለበት ሲል የሚናገረው የወገኑን ብልጠት ሁሉ ይገልጻል።

ሁለተኛው ምክንያት ውርስ፣ ጋብቻና ክብር ለታሪክ ሰጪ የተመቹ መሆናቸው ነው። በአንድ ፊርማ የብዙ ሰው ዕድል ሲለወጥ ደራሲው ግጭት መፈለግ አያስፈልገውም።

አገልጋዩና ገበሬው በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የት አሉ?

ረጅም ዘመን ትሪ ተሸክመው በበር ይገቡ፣ በበር ይወጡ ነበር። ቦማርሼ በ1784 በፓሪስ መድረክ ላይ ያቆመው አገልጋዩ ፊጋሮ ግን ጌታውን በሌለበት እየወቀሰ፣ ይህን ሁሉ ለማግኘት ምን ሠራህ፣ ለመወለድ ከመድከም በቀር ምንም አላደረግህም ይለዋል። ንጉሡ ተውኔቱን ለዓመታት ከልክሎት ነበር።

ጎጎል በ1842 ባሳተመው «የሞቱ ነፍሳት» ገባር በሕግ ፊት ምን እንደነበረ አሳየ። የሞተ ገባር እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ በመዝገብ ላይ በሕይወት እንዳለ ስለሚቆጠር፣ ቺቺኮቭ የተባለው ሰው በዋስትና አስይዞ ሊበደርባቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሞቱትን ይገዛል። ሻጮቹ በዋጋው ሲከራከሩ ከሟቾቹ አንዱ ምን ያለ ጎበዝ ሠረገላ ሠሪ፣ ሌላው ምን ያለ ጫማ ሰፊ እንደነበር ያወራሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ገበሬዎቹ መልካም ነገር የሚሰማው እዚያ ላይ ነው፤ ለዋጋ ሲባል።

አንድ ሥራ ብቻ ምረጥ ብባል የቼኾቭን «የቼሪ አትክልት ቦታ» እመርጣለሁ፤ መድረክ የታየው በ1904 ነው። ዕዳ የበላት ባለርስት ሴት የአባቶቿን ርስት በሐራጅ ታጣለች። የሚገዛው ሎፓኺን ነው፤ አባቱና አያቱ በዚያው ቤት ገባር ነበሩ፣ ወጥ ቤት እንኳ እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ደስታውን መያዝ አቅቶት እግሩን ወለሉ ላይ ይመታል፤ እሷን ደግሞ ከልቡ ይወዳታልና ስታለቅስ አብሯት ይጨነቃል። የ87 ዓመቱ አሽከር ፊርስ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ነፃነት ሲታወጅ አልፈልግም ብሎ ከጌቶቹ ጋር የቀረ ሰው ነው፤ የነፃነቱን ዓመትም «መከራው» እያለ ይጠራዋል። በመጨረሻ ሁሉም ተሰነባብተው ቤቱን ቆልፈው ይሄዳሉ፤ ሐኪም ቤት ተልኳል ብለው ስላሰቡ ሽማግሌው ውስጥ እንዳለ ያወቀ የለም። ፊርስ የበሩን እጀታ ይሞክራል፣ ረስተውኛል ይላል፣ ጌታዬ ወፍራሙን ካፖርት ሳይለብስ ሄዷል ብሎ ይጨነቃል፣ ከዚያም ይጋደማል። ውጭ ዛፎቹን የሚቆርጠው መጥረቢያ ይሰማል።